ከአጠና ተራ እስከ ጉለሌ ዱር

በእግር መሄድን ሰው ሁሉ ያውቃል። ሕፃን ገና አፉን ሳይፈታ መሄድን ይለማመዳል፤ ሽማግሌም ጉልበቱ ሲደክም ምርኩዙን ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን እየሄዱ ማየትን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ብዙ ሰው በየቀኑ በሚመላለስበት መንገድ ዳር የቆመውን ዛፍ ስሙን ቢጠየቅ «ዛፍ ነው» ብሎ ያልፋል፤ የሚሻገረው ወንዝ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚወርድ ቢጠየቅ ዝም ይላል። ዓይን ተከፍቶ ሳለ ልብ ካላስተዋለ እግር በከንቱ ይደክማል።

ስለዚህ በዚህ ንባብ አንድ ቀላል የእግር መንገድ እናሳያለን። መንገዱ የሚጀመረው በአዲስ አበባ ምዕራብ ካለው ከኮልፌ ቀራንዮ ነው፤ በኮሌጆቹ ሰፈር በዊንጌትና በጳውሎስ ሆስፒታል በኩል አልፎ ወደ ጉለሌ ዱር ይወጣል። ጤነኛ ተማሪ ከታላቁ ጋራ ሆኖ ማልዶ ቢነሣ፣ በየቦታውም እየቆመ ቢመለከት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የዓመታቱ ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ያስታውስ።

ስለ ስሞቹ

መንገደኛ አስቀድሞ የቦታውን ስም ማወቅ ይገባዋል። ቀራንዮ የሚለው ቃል ከወንጌል የተገኘ ነው፤ ጌታ የተሰቀለበት ስፍራ ስም ሲሆን ትርጓሜውም የራስ ቅል ማለት ነው። በዚሁ ሰፈር የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ጉለሌ ደግሞ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት በዚያ ይኖሩ የነበሩት የኦሮሞ ጎሣ ስም ነው። እንግዲህ በአንድ ቀን መንገድ ላይ አንድ ስም ከመጽሐፍ፣ አንድ ስም ከአገሩ ሰዎች እናገኛለን። ስም የሰፈር ታሪክ መጀመሪያ ነውና ስሙን የማያውቅ ሰው ታሪኩን ሊያውቅ አይችልም።

ስለ ስንቅና ስለ ዝግጅት

ለዚህ መንገድ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። የማያድጥ ጫማ፣ በጠርሙስ የተሞላ ንጹሕ ውኃ፣ ጥቂት ቆሎ ወይም ዳቦ፣ ራስን ከፀሐይ የሚጋርድ ባርኔጣ ወይም ነጠላ ይበቃል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፀሐይዋ ቆዳ ታቃጥላለች፤ ዳገት ሲወጡም ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ስለዚህ መሮጥ አይገባም። አባቶች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለዋል፤ ቀስ ብሎ የሄደ ተማሪ ከላይ ሲደርስ የሚያይበት ዓይንና የሚጠይቅበት ጉልበት ይተርፈዋል፤ ሮጦ የወጣው ግን ወድቆ መተኛት ብቻ ያምረዋል።

ወራቱንም መምረጥ ይገባል። በክረምት ከቀትር በኋላ ነጎድጓድና መብረቅ ስለሚበዛ በዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ነው፤ ጭቃውም ያንሸራትታል። መስከረም ከጠባ በኋላ ሰማዩ ይጠራል፤ ሜዳውም አደይ አበባ ይለብሳል። ለእንዲህ ያለ ጉዞ የተስማማው ጊዜ ያን ጊዜ ነው። ልጅ ብቻውን ወደ ዱር አይሂድ፤ ከታላቅ ወንድሙ፣ ከአባቱ ወይም ከመምህሩ ጋራ ይሂድ። ጅብ በቀን ይሸሸጋል፤ ማታ ግን ከዱር ወጥቶ ወደ ሰፈር ይወርዳልና ሳይመሽ መመለስ ይገባል።

አጠና ተራ

የመንገዳችን መነሻ በኮልፌ ያለው አጠና ተራ ነው። አጠና ማለት ለቤት ሥራ የተቆረጠ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ግንድ ነው፤ ተራ ማለትም አንድ ዓይነት ዕቃ በረድፍ የሚሸጥበት የገበያ ስፍራ ነው። ስለዚህ ስሙ ራሱ የቦታውን ሥራ ይናገራል።

አጠና እንዴት ቤት እንደሚሆን አስተውሉ። ሠሪው መሬቱን ቆፍሮ ወፍራሙን እንጨት ቋሚ አድርጎ ይተክላል። በቋሚዎቹ ላይ ቀጭኑን እንጨት አግድም እየመታ ማገር ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ጭቃ ከጭድ ጋራ ተቦክቶ እንዲብላላ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ከተብላላም በኋላ በእንጨቱ መካከል ይመረጋል። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። እንዲህ ያለው የጭቃ ቤት በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሰው ያሳደገ ነው። ፎቅ የሚሠሩትም ቢሆኑ ሲሚንቶው እስኪደርቅ ድረስ የሚደግፉበትን መወጣጫ ብዙ ጊዜ ከዚሁ እንጨት ያቆማሉ። ስለዚህ ከተማይቱ የቆመችው በባሕር ዛፍ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። አሁን ዛፉ ተቆርጦ ካለቀበት ስፍራ ተነሥተን ዛፉ ወደሚበቅልበት ተራራ እንውጣ።

በኮልፌ የሠለጠነ መንገደኛ

ከኮልፌ ሳንርቅ አንድ ነገር ማሰብ ይገባናል። በ1962 ኔልሰን ማንዴላ የተባሉ የደቡብ አፍሪካ ጠበቃ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በአገራቸው ጥቁር ሰው በቆዳው ቀለም ምክንያት መብቱ ተነፍጎ ነበርና እርዳታ ለመለመንና የጦር ትምህርት ለመማር ነበር የመጡት። ትምህርቱን የተማሩት በዚሁ በኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ጦር ሰፈር ነው።

ማንዴላ የሕይወታቸውን ታሪክ በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለዚያ ጊዜ ጽፈዋል። ከልምምዶቹ አንዱ ጠመንጃና ጥይት ጥቂትም ውኃ ብቻ ይዞ ረጅሙን መንገድ በተወሰነ ሰዓት መጨረስ ነበር። እኒህ ሰው በዚያ ሁሉ ድካም መካከል የአገሩን መልክ ማየትን አልተዉም፤ ጥቅጥቅ ያለውን ዱርና ገላጣውን ደጋ ተመልክተው ውበቱን አደነቁ፤ የገበሬውን የእንጨት ማረሻና የድኻውን ቀላል ምግብም ልብ አሉ።

ትምህርቱ 6 ወር እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን 8 ሳምንት ሲሆን ወዳጆቻቸው ስለጠሯቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ተያዙ፤ ከዚያም በኋላ 27 ዓመት በእስር ቆዩ። በ1990 ተፈቱ፤ በ1994ም የአገራቸው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ለመጽሐፋቸው ስም ሲያወጡም ሕይወታቸውን ከረጅም የእግር ጉዞ ጋራ አመሳሰሉት። እንግዲህ በድካም ላይ ሆነው ማስተዋልን ያልተዉ ሰው ካሉ፣ በዕረፍት ቀኑ የሚንሸራሸር ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ቢሄድ ምን ምክንያት ይሰጣል?

የኮሌጆቹ ሰፈር

ከኮልፌ ወደ ሰሜን የሚወስደው ሰፊ መንገድ የቀለበት መንገድ ይባላል፤ በ18 ማዞሪያ በኩል አልፎ ወደ ዊንጌት ይደርሳል። በዚህ መንገድ መኪና በብርቱ ይሮጣል። ስለዚህ መንገደኛ በእግረኛ መሄጃ ላይ ብቻ ይሂድ፤ ለመሻገርም ለእግረኛ ወደተሠራው መሻገሪያ ይሂድ እንጂ አጥሩን ዘሎ አይለፍ። ጥቂት ደረጃ መውጣትን የሰነፈ ብዙ ሰው ሕይወቱን አጥቷል።

ዊንጌት የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ኦርድ ዊንጌት እንግሊዛዊ የጦር መኮንን ነበር፤ በ1941 ጣልያን ከኢትዮጵያ ሲባረር ከአርበኞች ጋራ በጎጃም ተዋጋ፤ በ1944ም በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ትምህርት ቤቱ በ1946 በስሙ ተከፈተ። ከልዩ ልዩ አገር የተመረጡ ተማሪዎች በአዳሪነት ይማሩበት ነበር፤ ከነርሱም መካከል በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት መለስ ዜናዊ ይገኛሉ። ዛሬ ስፍራው ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል፤ ወጣቶች የእጅ ሙያ ይማሩበታል። መልካም ለውጥ ነው፤ እጅ ያልተማረ ሕዝብ ራሱ ብቻ ቢማር ቤቱ አይቆምለትምና።

በዚያው አካባቢ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ። ይህ ሆስፒታል በ1969 የተሠራ ሲሆን ዓላማው ለመታከሚያ ገንዘብ የሌላቸውን ድኾች መርዳት ነበር። ኢትዮጵያ 2,000 ዓመቷን በራሷ አቆጣጠር በተቀበለችበት ጊዜ፣ በ2007፣ የሕክምና ኮሌጅ ተጨመረለት፤ ስለዚህም ሚሌኒየም የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ ገባ። በበሩ ስናልፍ ነጭ ካፖርት የለበሱ ተማሪዎች መጽሐፍ ይዘው ሲገቡ እናያለን፤ በዚያው በር ከገጠር የመጣች እናት የታመመ ልጅዋን አዝላ ስትገባም እናያለን። የተማሪው መጽሐፍ የእናቲቱን እንባ ለማበስ ነው፤ ለዚህ ካልሆነ ትምህርቱ ምን ይረባል? በሆስፒታል ደጅ ስታልፉ አትጩኹ፤ የታመመ ሰው ዕረፍት ይፈልጋልና።

የሸክም መንገድ

ከዊንጌት ወደ ላይ መሬቱ ዳገት እየሆነ ይሄዳል፤ ቤቱ እየሳሳ፣ ዛፉም እየበዛ ይመጣል። በእንጦጦ ተራራ ሥር ባለው በዚህ አገር ሁሉ ከመንገደኛ ፊት አንድ ነገር ይመጣል፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች። አንዳንዶቹ ሽማግሌዎች፣ አንዳንዶቹም የእናንተ ዕድሜ ያላቸው ልጃገረዶች ናቸው። የደረቀ ቅርንጫፍና ቅጠል በገመድ ጠፍረው፣ በጀርባቸው አግድም ጭነው፣ ወደ መሬት አጎንብሰው ይወርዳሉ። ነዶው ከመንገዱ ስፋት ይበልጣል። ሸጠው የሚያገኙት ገንዘብ የዕለት እንጀራ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። የዱሩ ጠባቂ እንጨቱን አትውሰዱ ይላል፤ ዱሩ ካለቀ አፈሩ በጎርፍ ይታጠባል፣ ምንጩም ይደርቃልና እውነቱን ነው። ሴቲቱም ልጆቼ ምን ይብሉ ትላለች፤ እርስዋም እውነትዋን ነው። ሁለቱም ሐሰተኞች አይደሉም። እንዲህ ያለ ነገር በቁጣ አይፈታም፤ በሥራ ግን ጥቂት ጥቂት እያለ ይቀላል። በከተማይቱ ቤቶች እንጀራ በሦስት ጉልቻ ሲጋገር ነበልባሉ በየጎኑ ይባክናል፤ «ምርጥ» በሚባለው ዙሪያው በተዘጋ ምድጃ ሲጋገር ግን ያነሰ እንጨት ይበቃል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግር ቤትም ከዱር አንዲት ጭራሮ አይፈልግም። በእንጦጦ ግርጌ ሸክሙን ትተው ሽመና የተማሩ ሴቶች በማኅበር ሆነው ነጠላና ፎጣ እየሠሩ ይሸጣሉ። ጥበብ ከጀርባ ላይ ሸክም ታወርዳለች።

ለመንገደኛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባው ይህ ነው፤ ሸክም ላለው ሰው መንገድ ይልቀቅ። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ወደ ዳር ቢወጣ ምንም አይጎድልበትም፤ የተሸከመች ሴት ግን ብትቆም ዳግመኛ ለመነሣት ጉልበት ያስፈልጋታል፤ ብትሰናከልም ትወድቃለች። «እማማ፣ በርቱ» ማለትም አይከብድም። በእንጨት ተሸካሚ የሚስቅ ልጅ ቤቱ ምሳው በምን እንደ በሰለ አያውቅም።

ባሕር ዛፍ

አሁን ከዱሩ ገባን። ፊት ለፊታችን የቆሙት ረጃጅም ዛፎች አብዛኞቹ ባሕር ዛፍ ናቸው። ቅርፊታቸው በረጅሙ እየተላጠ እንደ ገመድ ይንጠለጠላል፤ ከሥሩም ነጣ ያለ ለስላሳ ግንድ ይታያል። ቅጠሉን በጣታችሁ ብታሹት ሽታው አፍንጫ ይከፍታል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚታጠነው በዚህ ቅጠል ነው። አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የነጭ ባሕር ዛፍ ችግኝ ቅጠሉ ክብና ብናኝ የነሰነሱበት የሚመስል ነው፤ ጎን ለጎንም ጥንድ ሆኖ ይወጣል። ዛፉ ሲያድግ ግን ቅጠሉ ረጅምና እንደ ማጭድ የጎበጠ ይሆናል። የማያውቅ ሰው ሁለቱን ልዩ ልዩ ዛፎች ይላቸዋል።

ይህ ዛፍ አገሩ አውስትራልያ ነው፤ ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። ወደ ኢትዮጵያ የገባበትም ምክንያት ሊታወቅ ይገባል። አዲስ አበባ በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ ሕዝቡ በዛ፤ ለቤትና ለማገዶ የአገሩ ጽድና ወይራ ተቆርጦ አለቀ፤ ተራራውም ተራቆተ። እንጨት ከሩቅ መምጣት ስለ ጀመረ ዐፄ ምኒልክ ከተማውን ትተው ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አሰቡ፤ በዚያም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ነገር ግን በ1890ዎቹ ዓመታት የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ አደገ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለአጠናና ለማገዶ ደረሰ፤ ቢቆረጥም ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ከተማይቱ ሳትፈርስ በስፍራዋ ቀረች። በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ለእመቤታችን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

እንግዲህ ባሕር ዛፍ ከተማይቱን አዳናት። ሆኖም ነውር የሌለበት ባለ ውለታ የለም። ይህ ዛፍ ቶሎ የሚያድገው ብዙ ውኃ ስለሚጠጣ ነው፤ ከምንጭ አጠገብ ሲተከል ምንጩን ያሳንሰዋል፤ ከሥሩም ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም፤ አፈሩም ሣር ሳይለብስ ሲቀር ዝናብ ይወስደዋል። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ በ1913 ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በስፍራው የሐር ትል የሚበላው የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል ታዝዞ ነበር። ትእዛዙ ግን አልተፈጸመም፤ ሕዝቡ የሚኖረው በእንጨቱ ነበርና። ከዚህ የምንማረው፣ አንድን ነገር በአንድ ቃል መልካም ነው ወይም ክፉ ነው ብሎ መጨረስ እንደማይገባ ነው። ባሕር ዛፍ በቤት ጓሮና በመንገድ ዳር ጠቃሚ ነው፤ በምንጭ ራስ ላይ ግን ጎጂ ነው። የነገር ዋጋ በስፍራው ይታወቃል።

የዕፅዋት ማእከሉ

በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተሞች መካከል ባለው ተራራ ላይ የጉለሌ ዕፅዋት ማእከል ይገኛል። ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአንድነት ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1950 በኮሌጅነት የተጀመረ የአገራችን ታላቅ ትምህርት ቤት ነው። የትምህርት ቤት ክፍል ሁሉ ግንብና ጣራ ያለው አይደለም፤ ይህም ዱር የዩኒቨርሲቲው ክፍል ሆኖ ያገለግላል። መጽሐፉ ዛፍ ነው፤ ገጹም ቅጠል ነው።

በዚህ ስፍራ ከባሕር ዛፉ መካከል የአገር በቀል ዛፎችን መልሶ የመትከል ሥራ ይሠራል። ከነርሱ ጥቂቶቹን እንማር።

ጽድ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ እንጨቱ ቀላ ያለ መዓዛውም ያማረ ነው። ምስጥ ቶሎ ስለማይበላው አባቶች ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶና ለበር ይመርጡታል።

ወይራ እንጨቱ ከባድና ጽኑ ነው። እናቶች የወተት ዕቃና የጠላ ጋን በጢሱ ያጥናሉ፤ ለምርኩዝም ከርሱ የሚሻል የለም።

ኮሶ በደጋ የሚበቅል ትልቅ ዛፍ ነው። ቀላ ያለው አበባው እንደ ዘለላ ይንጠለጠላል፤ የዱሮ ሰዎችም ለሆድ ትል መድኃኒት ይጠጡት ነበር።

አስታ ቅጠሉ ደቃቅ የሆነ የብርድ አገር ዛፍ ነው፤ ነጭ አበባው በጣም ያነሰ ቢሆንም ሲበዛ ዛፉን አመዳይ የወረደበት ያስመስለዋል።

ቀጋ የጽጌረዳ ዘመድ ናት። እሾህዋን የታገሠ ሰው ነጭ አበባዋን ያሸታል፤ ፍሬዋንም እረኞች ይበሉታል።

እነዚህ ዛፎች እንደ ባሕር ዛፍ ቶሎ አያድጉም። ጽድ የሚተክል ሰው በጥላው ለመቀመጥ ብዙ ዓመት መጠበቅ አለበት፤ ምናልባትም የሚቀመጥበት የልጅ ልጁ ነው። ቢሆንም የሚተክሉ ሰዎች አሉ። ከዚህ በስተ ምዕራብ ከሚታየው ከወጨጫ ተራራ በኩል የመናገሻ ሱባ ጫካ አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የጽድ ዘር ከሸዋ ከወፍ ዋሻ ዱር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ንጉሡ ካረፉ ከ500 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ጫካው ግን እስከ ዛሬ ጥላ ይሰጣል።

በዛፎቹ ላይ ወፎችን ተመልከቱ። ምንቃሩ እጅግ ወፍራም የሆነ፣ በማጅራቱም ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ጥቁር ቁራ ታያላችሁ። ይህ ቁራ በአፍሪካ ቀንድ ካልሆነ በቀር በሌላው ዓለም አይገኝም። በየቀኑ በጣራችን ላይ ስለሚጮህ ንቀነዋል፤ ሌላ አገር ሰው ግን እርሱን ለማየት ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ከዓይናችን ያልራቀ ነገር ሁሉ የተናቀ አይደለም።

ውኃው የሚለያይበት

ከዱሩ በላይ የእንጦጦ ተራሮች ተያይዘው ይታያሉ። እነዚህ ተራሮች የውኃ ድንበር ናቸው። በተራራው ጀርባ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ወደ ደቡብ የወረደው ውኃ በከተማይቱ ጅረቶች አልፎ ወደ አቃቂ ይገባል፤ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ወደ ባሕር አይደርስም፤ በአፋር በረሃ ተጉዞ ከጅቡቲ ወሰን አጠገብ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ወደ ሰሜን የወረደው ውኃ ግን በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይገባል፤ በሱዳንና በግብፅ ተጉዞ ከሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ከአንድ ደመና ጎን ለጎን የወረዱ ሁለት ጠብታዎች አንዱ በበረሃ ሲቀር ሌላው ባሕር ያያል። የለያቸው የአንድ እርምጃ ስፍራ ነው።

ከዚህ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። የከተማይቱ ጅረቶች ከተራራው ሲነሡ ንጹሕ ናቸው፤ በሰፈሮች መካከል ሲያልፉ ግን ቆሻሻና እድፍ እየተጣለባቸው ይጠቁራሉ። በታች ያለው ገበሬ በዚያው ውኃ ጎመኑን ያጠጣል፤ ከብቱንም ያጠጣበታል። ከላይ የጣልነው ከታች ያለውን ይመርዛል። ስለዚህ በጅረት ዳር የቆመ ሰው ጎረቤቱ አጠገቡ ያለው ብቻ አይደለም፤ ወንዙ በሚደርስበት ሁሉ ያለው ሰው ጎረቤቱ ነው።

የመንገደኛ ሥርዓት

ወደ ዱር የሚሄድ ሰው ይህን ሥርዓት ይጠብቅ። ከመንገዱ አይውጣ፤ አዲስ የተተከለ ችግኝ በሣር ውስጥ አይታይምና ይረግጠዋል። ቅርንጫፍ አይስበር፤ ስሙንም በዛፍ ቅርፊት ላይ አይፍቀር። በቢላ የተጻፈ ስም የጸሐፊውን ክብር ሳይሆን ባለጌነቱን ይናገራል። እሳት አያንድድ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለበት በአንዲት ፍም ዱሩ በሙሉ ሊቃጠል ይችላል። የበላበትን ወረቀትና ጠርሙስ በከረጢቱ ይዞ ይመለስ። ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ሰላምታ ይስጥ፤ ለጠባቂውም ይታዘዝ።

ወደ ቤትም በሚመለስበት ጊዜ ያየውን ለራሱ ይቍጠር። ከሰዓት በፊት ያለፈበትን ሰፈር አሁን በሌላ ዓይን ያየዋል። አጠና ተራ ሲደርስ በመንገድ ዳር የተደገፈው እንጨት ከእንግዲህ ወዲህ እንጨት ብቻ አይሆንለትም፤ የአውስትራልያን ዘር፣ የዐፄ ምኒልክን ጭንቀት፣ የተሸካሚይቱን ጎበጥ ያለ ጀርባ፣ የደረቀውንም ምንጭ ያስባል።

በዚህ መንገድ ያየነው ሁሉ አንድ ሰው ለሌላ ሰው ብሎ ያቆመው ነው። ትምህርት ቤቱን የከፈቱት ሰዎች በርሱ አልተማሩበትም፤ ሆስፒታሉን የሠሩት በርሱ ሊታከሙበት አላሰቡም፤ ጽድ የተከሉት ከጥላው አልተቀመጡም። እኛ ግን በሁሉም ተጠቀምን። የተተከለውን እየበላ የማይተክል ሰው ከባለ ዕዳ አይለይም፤ ዕዳውም የሚከፈለው ለሞቱት ሳይሆን ገና ላልተወለዱት ነው። ስለዚህ ልጆች፣ በዚህ ክረምት እያንዳንዳችሁ በቤታችሁ ጓሮ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ግቢ አንድ የአገር ዛፍ ትከሉ፤ መትከል ብቻም አይበቃም፤ በበጋ ውኃ አጠጡት፣ ከፍየልም ጠብቁት። ችግኝ የተከለ ብዙ ነው፤ ያሳደገው ግን ጥቂት ነው።

ጥያቄዎች

1. አጠና ተራ ስሙን ከምን አገኘ?
2. ዐፄ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ያሰቡት ስለ ምን ነበር? ሐሳቡን ያስቀረው ምንድን ነው?
3. የዱሩ ጠባቂና እንጨት ተሸካሚይቱ ሁለቱም እውነት አላቸው የተባለው ስለ ምንድን ነው?
4. ከእንጦጦ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚወርደው ውኃ በየት በየት አልፎ ወዴት ይደርሳል?
5. ከቤትህ እስከ ትምህርት ቤትህ ባለው መንገድ ላይ የቆሙትን ዛፎች ስማቸውን ጻፍ። የማታውቀውን ከሽማግሌ ጠይቅ።